ጠጋ ጠጋ በሉ

ልጄ ምሕረት ነገር አታበዛም። በሠርጓ በሦስተኛው ቀን ደወለችና "አባዬ፣ ለመልሱ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እባክህ ምንም አትጨምር" አለችኝ። "ምን እጨምራለሁ ብለሽ ነው አንቺ ደግሞ?" አልኳት፣ ቅር እንዳለው ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ይህን ስላት ሰበታ፣ አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ ነበርኩ። አራት ሜትር ስፋት ላለው የሚሽከረከር የሙሽራ መድረክ ቀብድ ከፍዬ መውጣቴ ነበር።

ማን ያውራ የነበረ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የቡራዩ ታክሲ ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር የራሴን ታሪክ ከማላውቀው ሰው አፍ እሰማለሁ። አንዱ "ሙሽሪት አጥር ዘላ ጎረቤት ወደቀች" ይላል። ሌላው "የወንዱ አባት ዛፍ ላይ ተገኙ" ይላል። ግቢያችን ውስጥ ዛፍ የለም። ሰው እንዳሻው ከሚሰቅለን እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆችን ስለሚንከባለልና ስለሚሽከረከር ነገር አስተምሬያለሁ፣ አንድም የሚሽከረከር ነገር ሳላሳያቸው። ቤተ ሙከራ ነበረን፤ የእህል መጋዘን ሆኖ ነው እንጂ። የምንኖረው መሀል አዲስ አበባ ነበር። የቀበሌ ቤታችን ለልማት ሲፈርስ ቡራዩ መጥተን ተከራየን። እኛ ካለንበት ሳንነቃነቅ አድራሻችን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ አሁን የት እንደምኖር የምጠይቀው ፖስታ ሲመጣ ነው። መሀል ሳለሁ ሥራ ቦታዬ በእግሬ እደርስ ነበር። ዳር ከወጣሁ ወዲህ አንዲት ጉዳይ ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ስዞር እውላለሁ። በሚሽከረከር ነገር ላይ ዳር ያለው መሀል ካለው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ይህን ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ምሕረት ያገባችው ገመቹ የሚባል የሱሉልታ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እሱ ላይ ምንም የለኝም። ችግሩ አባቱ ኦቦ ፈይሳ በወተት ንግድ የከበሩ ሰው መሆናቸው ነው። ሠርጉን ሱሉልታ አዳራሽ ተከራይተው ደገሱ። ከወለሉ ጢስ ይወጣል። ካሜራ የታሰረባት ድሮን ጭንቅላታችን ላይ ታንዣብባለች። ኬኩ ሰባት ፎቅ ነበር። እኔ የምኖረው ፎቅ በሌለው ቤት ስለሆነ ከኬክ አነስኩ።

እሱንስ ቻልኩት። ኦቦ ፈይሳ ግን በር ላይ "አካም ጅርቱ ቲቸር" ብለው እጄን ከጨበጡኝ በኋላ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ አልደረሱም። እኔ ወደሳቸው ስሄድ እሳቸው ጢሱ ውስጥ ይገባሉ። ናቁኝ አልኩ። በዚያ ላይ የሙሽራው አክስት ከባለቤቴ ከአስካለ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሥጋ እየቆረጡ፣ "ቡራዩ ያለው ቤት የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ?" ብለው ጠየቁ። አስካለ ውሸት አታውቅም፤ "ኪራይ ነው" አለች። ሴትየዋም "ውይ፣ አይዟችሁ" አሉ።

እኔ ይህን "አይዟችሁ" ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። በዚያ ሀብታም ቤት ውስጥ "የተከራዩ ልጅ" ተብላ ድምጿ እንዳያንስ፣ አንድ ነገር መናገር ስትፈልግ ዋጥ እንዳታደርገው ፈራሁ። የፈራ አባት ደግሞ ዝም ብሎ ቁጭ አይልም፤ የሆነ ነገር ያሠራል። ሰባቱ ፎቅ ኬክ የተቀመጠበት ሳህን ቀስ ብሎ ሲዞር አይቼ ነበር። ኬክ ከዞረ ሙሽራ የማይዞርበት ምን ምክንያት አለ ብዬ ሰበታ ሄድኩ።

ሰበታ ብየዳ የጨበጠ ሁሉ ኢንጂነር ነው። የኔው ኢንጂነር ሞላ ይባላል፤ ከሰሜን መጥቶ ሰበታ የከተመ፣ እጁ ቅልጥፍ ያለ፣ "አይቻልም" የሚለውን ቃል ጨርሶ የማያውቅ ሰው። የምፈልገውን ስነግረው አልሳቀም። ወደ ጓሮ ወሰደኝና የአሮጌ የጭነት መኪና የጎማ አክሰል ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ተክሎ አሳየኝ።

"ሙሽራ ይሸከማል?" አልኩት።

"ጤፍ ተሸክሞ ከጎጃም ሲመላለስ የኖረ ነው ቲቸር። ሙሽራ ምን አላት?" አለና፣ "ደግሞ ኩሽኔታውን ቀይሬ ግሪስ አጠጥቼዋለሁ። በአንድ ጣት ብቻ ይግፉት እስቲ" አለኝ።

በአንድ ጣት ገፋሁት። ዞረ። ዋጋ ተነጋገርን፣ ሻይ ጠጣን፣ ውል ጻፍን፣ ተሰነባበትን፤ እሱ አሁንም ይዞራል። የፊዚክስ አስተማሪ እዚህ ላይ መደንገጥ ነበረበት። እኔ ግን ልቤ ተነካ፤ ቁርጥ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነበር የሚዞረው።

"በመብራት ነው የሚሠራው፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር በቺንጊያ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣ በደቂቃ ሁለት ጊዜ። ፍሬን ላድርግለት?" አለኝ ሞላ።

"የሙሽራ መድረክ ፍሬን ምን ያደርግለታል? ቁልቁለት አይወርድ" አልኩት።

"እሺ ቲቸር፣ እርስዎ ያውቃሉ።"

በሕይወቴ የደረሰብኝ ጥፋት ሁሉ "እርስዎ ያውቃሉ" ከተባልኩ በኋላ የደረሰ ነው።

መልሱ ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው እሁድ ነበር። ሞላ መድረኩን ይዞ የመጣው በዕለቱ ጠዋት ነው፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይህ ነው። በግቢው በር አልገባ አለ። ከአጥሩ አራት ቆርቆሮ ነቀልን። አከራያችን በመስኮታቸው ሆነው እያንዳንዱን ቆርቆሮ ሲቆጥሩ አየኋቸው። በመጨረሻ ዳስ ውስጥ ተተከለ፣ ቀይ ምንጣፍ ለበሰ፣ መሀሉ ላይ የሙሽሮቹ ነጭ ሶፋ በብሎን ታሰረ። አስካለ እጇ ላይ ቅቤ እንዳለ ከወጥ ቤት መጣች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መድረክ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ይዞራል።"

"ለምን?"

የሶፋውን ብሎን ላይ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሙሽሮቹ በዘፈን ገቡ። ምሕረት ካባዋን ለብሳ መድረኩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አስተማሪ ስለነበርኩ ተማሪን በዐይን ብቻ ዝም ማሰኘት አውቅበታለሁ፤ ያቺን አስተያየት ከኔ ወርሳታለች። ዞር ብዬ እንግዳ የማስተናግድ መሰልኩ። ኦቦ ፈይሳ በከረባታቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገው መጡና መድረኩን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው ከስሩ አዩ፣ ምንም ሳይናገሩ ቦታቸውን ያዙ። አገኘኋቸው አልኩ በሆዴ።

ሙሽሮቹ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሞላ ማብሪያውን ተጫነ። መድረኩ ቀስ ብሎ ዞረ። እልልታው ቀለጠ። የሙሽራው አክስት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ "አይዟችሁ" ያለው አፍ ማለት ነው። ያንን ደስታ አልዋሽም፤ ጣፈጠኝ። ግን ምን ያህል ቆየ መሰላችሁ? ግማሽ ዙር። መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። የሄደበት ሰዓት ነው ጉዱ። ሙሽሮቹ ለእንግዳው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሽንት ቤቱ አድርገው ቆሙ። ገመቹ በጨዋነት ሽንት ቤቱን እያየ ፈገግ ይላል። ጄኔሬተር ተከራይተን ነበር፤ እሱ ግን የዲጄው ነው። ዲጄው "ሁለቱን አይችልም፤ ወይ ሙዚቃ ወይ ሽክርክሪት" አለ። እንግዳው ሙዚቃ መረጠ። በዚህ አገር ሕዝብ ተጠይቆ ሲመርጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሞላ አልተበገረም። ከመድረኩ ስር ገብቶ ቺንጊያውን ፈታና እጁን እየጠረገ ወጣ። "አሁን ምንም የሚይዘው የለም፤ ሚዜዎቹ በእጅ ይገፉታል" አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ደስ ብሎኝ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት።

ይኼን ጊዜ ፎቶ አንሺው መጣ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሥልጣን ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ቄሱንም ሽማግሌውንም በጣቱ ነው የሚያዛቸው። "የሁለቱም ወገን ቤተሰብ በሙሉ መድረኩ ላይ ይውጣ። ዙሪያውን ዳር ዳሩን ቁሙ። ሚዜዎች ይገፋሉ፤ እናንተ ስትዞሩ እኔ እዚህ ሆኜ ሁላችሁንም አስገባለሁ" አለ። ወጣን። ሃያ እንሆናለን። ምሕረትና ገመቹ መሀል ሶፋው ላይ፣ እኛ ዳር ላይ ክብ ሠርተን። ከቀኜ አስካለ፣ ከግራዬ ኦቦ ፈይሳ፣ ከሳቸው ቀጥሎ አክስትየዋ። ኦቦ ፈይሳ አሁንም አላናገሩኝም።

ስድስት ሚዜዎች በዘፈን ገፉ። ሃያ ሰው ያለበት ነገር በቀላሉ አይነሳም። ላባቸው እስኪንጠባጠብ ገፉ፣ ተነሳ፣ ሄደ። ደግ አካሄድ ነው፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ ቀስ ብሎ እስከ አሥር መቁጠር ይቻላል። አያቶች እንኳ ደስ አላቸው። ፎቶ አንሺው "ሚዜዎች ከካሜራዬ ውጡ" ብሎ አባረራቸው። መድረኩ ብቻውን፣ በተሰጠው ጉልበት፣ በሞላ ግሪስ ላይ ይዞራል። ማንም አይነካውም።

ከዚያ ፎቶ አንሺው ያቺን ቃል ተናገረ። "ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አልገባችሁልኝም።"

እስቲ ልብ በሉ። በዚህ አገር "ጠጋ በሉ" ያልተባልንበት ቦታ አለ? ታክሲ ውስጥ ጠጋ በሉ። ልቅሶ ቤት ጠጋ በሉ። ቅዳሴ ላይ ጠጋ በሉ። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስተኛው ሰው ሲመጣ እንኳ "ጠጋ በሉለት እንጂ" ነው የሚባለው። ከልጅነታችን ጀምሮ ተጠጋግተን ነው ያደግነው፤ "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ አልተወለደም። ሃያችንም ባንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ መሀል ገባን።

መድረኩ ፈጠነ።

ማንም አልገፋውም። እንዲህ ያለውን ነገር ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አንጉላር ሞመንተም ይባላል፣ የአማርኛ ስም ያወጣለት ስለሌለ እንደመጣ እንጠራዋለን። የሚሽከረከር ነገር፣ ከውጭ የሚነካው እስከሌለ ድረስ፣ የያዘውን ሽክርክሪት አይጥልም። ክብደቱ ዳር ዳር ሲበተን ይዘገያል፤ ወደ መሀል ሲሰበሰብ ይፈጥናል። ይኸው ነው ነገሩ። አሁን ሃያ ሰው፣ ከነበላው ቁርስ፣ ወደ መሀል ተሰብስቧል።

ሕጉ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የሰው ባሕርይ ግን ከሕጉ ይብሳል። ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? አጠገቡ ያለውን ያቅፋል። እኛም ተቃቀፍን። በተቃቀፍን መጠን ፈጠነ፤ በፈጠነ መጠን አጥብቀን ተቃቀፍን። አክስትየዋ አስካለን በአንገቷ ይዘዋታል፤ ኪራይ ቤት መኖሯን ረስተውታል። ኦቦ ፈይሳ ኮቴን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ" ይላሉ፤ ማንን እንደሚሉ እግዜር ይወቅ። ዳሱ፣ ዲጄው፣ ሽንት ቤቱ፣ ዲጄው፣ ሽንት ቤቱ ተራ በተራ በዐይኔ ፊት ያልፋሉ። ፎቶ አንሺው "በጣም ያምራል፣ ፈገግ በሉ" ይላል።

"ወደ ዳር ውጡ" ብዬ ጮህኩ። "ተለቃቀቁ! ተራራቁ!"

በልጁ መልስ ላይ፣ ሁለት ቤተሰብ ተቃቅፎ ሳለ፣ እንዲህ ብሎ የጮኸ አባት ከኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። "ይኼ ሰውዬ ጭራሽ ሊጥለን ነው" አሉ አክስትየዋ። ፍርዱ ትክክል ነው። ለመውደቅ ለሚፈራ ሰው "ወደ ዳር ውጣ" ቢሉት ማን ይሰማል? ምሕረት ብቻ ከሶፋው ላይ ሆና አየችኝ። አልጮኸችም። ባሏን በአንድ እጇ፣ አክሊሏን በሌላው ይዛ፣ ዐይኗን ሳትነቅልብኝ አብራኝ ትዞራለች።

አስተማሪ ምሳሌ መሆን አለበት አልኩና ወደ ዳር ተራመድኩ። ኦቦ ፈይሳ ኮቴን አልለቀቁም፤ ተከተሉኝ። አንድ እርምጃ። ሁለት እርምጃ። ሦስተኛው እርምጃ መድረኩ ላይ አልነበረም። ሁለታችንም የዳሱን ሸራ በርግደን ጓሮ ገባንና የሽንኩርት ልጣጭ ክምር ላይ አረፍን። ለአራት መቶ ሰው የተላጠ ሽንኩርት ነው፤ ባያለሰልሰን ኖሮ ይኼን የምጽፍላችሁ በጀሶ ታስሬ ነበር።

ወዲያው ሚዜዎቹ ተረባርበው መድረኩን ያዙት። የተጎዳ አልነበረም፤ ሁሉም እየተንገዳገደ ወረደና ምሳ ወደቀረበበት ወደ ሌላው ድንኳን አዘገመ። ሙዚቃው ለአፍታ እንኳ አልቆመም።

እኔና ኦቦ ፈይሳ ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጠን ቀረን። አንድ ጫማቸው የለም። ከረባታቸው ጀርባቸው ላይ ነው። እኔ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ልጄ አንድ ነገር ለምናኝ ነበር፤ ያንኑ አንዱን ነገር ነሳኋት። ከዛሬ በኋላ በዚያ ቤት የሚተርፋት ስም "የዚያ እብድ ልጅ" ነው። አፍሬያለሁ፣ ማልቀስም ቃጥቶኛል።

"ኦቦ ፈይሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ምሕረት ይኼን አልፈለገችም። ምንም አትጨምር ብላኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፤ እባካችሁ በሷ እንዳታደርጉት።"

ኦቦ ፈይሳ ከጢማቸው ላይ ልጣጭ አነሱ።

"ቲቸር" አሉኝ፣ "ሠርጉ ላይ ያን ሁሉ ጢስ ማን እንዳስጨመረው ያውቃሉ?"

"የቱን ጢስ?"

"የወለሉን። እኔ ነኝ። ሰዎቹ ይበቃል ሲሉኝ ጨምሩ አልኩ። በእርስዎ ምክንያት ነው።"

"በኔ?"

"ገመቹ መጥቶ የፊዚክስ አስተማሪ ልጅ ላገባ ነው ሲለኝ ፈራሁ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ ላም ነው የማውቀው። ሰውዬው አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? በዘመድ ሁሉ ፊት ምን እሆናለሁ? ጢስ ካለ ሰው አይጠያየቅም ብዬ አሰብኩ። እርስዎ በመጡ ቁጥር እዚያ ውስጥ ገብቼ ስሳል ዋልኩ።"

አያችሁ? ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በጢስ አንዱ በብረት፣ ሳንተዋወቅ ስንፈራራ ከርመናል። እኔ ንቀት ነው ያልኩት ሳል ነበር። "እኔ ደግሞ የናቁኝ መስሎኝ ነው ይኼን ያሠራሁት" አልኳቸው። "ማን? እኔ?" አሉ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እኔም ሳቄ መጣ። ስንስቅ ልጣጩ ከላያችን ይረግፋል።

ሳቃቸው ሲበርድላቸው ጎንበስ አሉና "አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አሉኝ። "ልጆቹ ለቀውት ነበር፤ በዐይኔ አይቻለሁ። ሞተሩም ተፈቷል፤ ሲፈታም አይቻለሁ። ታዲያ ማን አፈጠነው?"

እናንተዬ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ፈተና ላይ ይመጣል?" ማን አፈጠነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሽንኩርት ላይ ነው። በልጣጭ ክብ ሠርቼ፣ ድንች በሰው ፈንታ አስቀምጬ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልገባቸውም። "እንየዋ" አሉ።

በቀደድነው ሸራ ተመልሰን ገባን። ዳሱ ባዶ ነበር፤ እንግዳው ሁሉ ወዲያ ማዶ ምሳ ላይ ነው። ኦቦ ፈይሳ በአንዱ ዳር እኔ በሌላው ትይዩ ቆምን። ሞላን ጠራነው፤ መድረኩን ጭኖ ካመጣበት መኪና ስር ተደብቆ ኖሯል። አንድ ጊዜ ገፋልንና ተመልሶ ተደበቀ።

"አሁን ወደኔ ይምጡ" አልኳቸው። ሁለታችንም ወደ ሶፋው ተጠጋን። ፈጠነ። "አሁን ወደ ኋላ።" ዘገየ።

ኦቦ ፈይሳ ወደ መሀል ገቡ፤ ፈጠነ። ወጡ፤ ዘገየ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ጣሉትና ደገሙት። "እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ማንም አይደለም፣ እኛው ነን ያፈጠነው።"

"እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። "ከውጭ ካልተነካ በቀር ያለውን አይጥልም።"

"ደግመን" አሉ። ደገምን። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ራስ ማዞር የሚባል ነገር ጠፋልን። በሕይወቴ ያስተማርኩት ምርጥ ክፍለ ጊዜ ያ ነው፤ ተማሪው አንድ ነው፣ ጫማውም አንድ ነው። ሰባተኛው ላይ ወደ መሀል ስንገባ መድረኩ ገታ አለና ቆመ። እርስ በርስ ተጋጨን።

ከዳሩ ላይ እንሶስላ የሞቀ እጅ ይዞታል። ምሕረት ነበረች። ካባዋን በአንድ ክንዷ ሰብስባ፣ በሌላው እጇ የመድረኩን ጠርዝ ጨብጣ ቆማለች። ከኋላዋ ዳሱ በር ላይ ገመቹ፣ አክስትየዋ፣ የሱሉልታ ዘመድ ሁሉ ሳህኑን እንደያዘ ቆሟል። አስካለም አለች።

"አባዬ" አለችኝ፣ "ምን ብዬህ ነበር?"

ከኮቴ ላይ ልጣጭ አራገፍኩ። ከዚያ ፊቷን ወደ ኦቦ ፈይሳ አዞረች። እኔ በድንጋጤ ደረቅሁ። እኚህ ሰው ሲናገሩ በቤታቸው የሚያቋርጣቸው እንደሌለ ሰምቻለሁ፤ እሷ ደግሞ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ዘመዳቸው ሁሉ ደግሞ ያያል።

"አንቱም ደግሞ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ?" አለች። "ስኳር አለብዎት፤ ምሳ ሳይበሉ፣ መድኃኒትዎን ሳይወስዱ ነው የሚሽከረከሩት? ጋቢዎን ይልበሱ። ጫማዎንም ይፈልጉ። ይውረዱ አሁን።"

አክስትየዋ እንኳ ማላመጥ አቆሙ። ኦቦ ፈይሳ ጋቢያቸውን ከሶፋው ላይ አነሱ።

"ኢሺ፣ ኢንተለ ኮ" አሉ፤ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከኔ ቀድመው ወረዱ።